«ከዚያስ?» የምትለኝ ሐዋ

የሐዋን ሞት የሰማሁት መሰላል ላይ ቆሜ ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት ማቀዝቀዣ ከፍቼ፣ ካቻቢቴዬን በጥርሴ ነክሼ፣ ሁለቱም እጆቼ ማሽኑ ሆድ ውስጥ እንዳሉ ኪሴ ውስጥ ስልኩ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ልተወው ብል እንቢ አለ። ነጅማ ነበረች፤ ዱሮ ከምሠራበት ግቢ ልጆች አንዷ፣ አሁን ፈረንሳይ አገር የምትማር።

«ቶንቶን» አለችኝ። የጅቡቲ ልጆች ሽማግሌውን ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠሩት፤ በፈረንሳይኛ አጎቴ እንደማለት ነው። «ቶንቶን በለጠ፣ ሐዋ ሞተች።»

«የትኛዋ ሐዋ?» አልኳት፣ የማላውቅ ይመስል።

«የኛዋ። አገሯ፣ ወንድሟ ቤት። ታማ ከርማለች፤ ለማንም አልተናገረችም።»

አለመናገሯ አልገረመኝም። ሐዋ መቼ ተናግራ ታውቃለች? ከመሰላሉ ወረድኩ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ማሽን ከፍቼ ሳልዘጋ የወረድኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ስለ እሷ ለመጻፍ ስለ ራሴ ትንሽ ማለት ግድ ነው። አላበዛም። በለጠ እባላለሁ፤ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ትምህርት ቤት ከአራተኛ ክፍል በላይ አላየኝም። ፈረንሳይኛን የተማርኩት ከማቀዝቀዣ ማሽን መመሪያ ነው፤ መጀመሪያ የገዛሁት መዝገበ ቃላት እስኪበጣጠስ ድረስ እያንዳንዱን ቃል እየፈለግሁ። ጅቡቲ ወደብ ላይ አንዲት ሥጋ የጫነች መርከብ ማቀዝቀዣዋ ተበላሽቶ፣ በአውሮፕላን የመጡ መሐንዲሶች ራሳቸውን ሲያኩ፣ በሁለት ቀን ያስነሳኋት እኔ ነኝ። እኔ የምኖርበት ካርቲየ ካትር ሠፈር ገብታችሁ የበለጠን ቤት ብትጠይቁ ሕፃን ልጅ ያደርሳችኋል። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እንዲህ ያለው ሰው እንኳ ከአንዲት ፊደል ካልቆጠረች የቤት ሠራተኛ የተማረው ነገር እንዳለ እንዲታወቅልኝ ነው።

ከሄሮን ሠፈር አልፎ ባሕሩን ሞልተው የሠሩት መንደር አለ። ስሙ በፈረንሳይኛ ረጅም ነው፤ እኛ ሠራተኞቹ የመስታወት መንደር ነው የምንለው። ፀሐይ ስትበረታ ግድግዳው ራሱ ይጠቁራል። በሩ ፊት አይቶ ይከፈታል። ሊፍቱ በስም ጠርቶ ደህና ዋልክ ይላል። ውጭ አርባ ምናምን ዲግሪ እየነደደ እዚያ ውስጥ ሰዎች ሹራብ ይለብሳሉ። ይህን ሁሉ ቅዝቃዜ የሚሰጠው ባሕሩ ነው። ከመንደሩ ሥር በተቆፈረ መተላለፊያ የባሕር ውሃ ይገባል፤ ምድር ቤት ያለው ትልቅ ፓምፕ ስቦ ወደ ማሽኖቹ ይልከዋል። ፓምፑን የተከሉት ሌሎች ናቸው፤ እንዲሠራ ያደረግሁት ግን እኔ ነኝ። አሥር ዓመት ኃላፊው ነበርኩ።

ሐዋ የሐጂ ሙክታር ቤት ሠራተኛ ነበረች። ሐጂ ሙክታር የታወቁ ነጋዴ ናቸው፤ ዘራቸው ከድሬዳዋ ነው፣ ነጅማ ልጃቸው ናት። ሐዋ የወሎ ሰው ናት፣ ከሐይቅ። ያኔ ሠላሳን ያለፈች ይመስለኛል። አጭር፣ ትከሻዋ የወንድ፣ ስትቆም አንዱን እግሯን በሌላው ላይ አጠላልፋ የምትቆም። የመውጫ ቀኗ ዓርብ ብቻ ነበር። ሌላው ቀን በሩ ፊቷን ቢያይም አይከፍትላትም፤ እንዲያ ተብሎ ታዟል።

ምድር ቤት የምትመጣው ልብስ ልታጥብ ነው፤ የማጠቢያው ክፍልና የኔ ክፍል ጎን ለጎን ናቸው። መጀመሪያ ቀን ስለ መርከቧ ነገርኳት። ሰው ይህን ታሪክ ስነግረው ወይ ይስቃል ወይ ሰዓቱን ያያል። እሷ ዘንቢሏን አስቀምጣ፣ እግሯን አጠላልፋ፣ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ጨረስኩ ብዬ ዝም ስል፦

«እሺ፣ ከዚያስ?» አለችኝ።

«ከዚያማ ሄደች። ወደ አገሯ።»

«ሥጋውስ? ሳይበላሽ ደረሰ?»

አላውቅም ነበር። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ ጠይቄም አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት። ፓምፑ እንዴት እንደሚስብ፣ የትኛው ቧንቧ የት እንደሚሄድ። ፓምፑ ውሃ ከሚስብበት ጉድጓድ አጠገብ በግድግዳው ላይ ያለውን ቀይ እጀታ ሳይቀር አሳየኋት። «ይህን አንዴ ወደ ታች ከሳብሽው» አልኳት «መንደሩ በሙሉ ይሞታል። መብራቱም፣ ሊፍቱም፣ ፓምፑም። የሚያስነሳውም በአገሩ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«እርስዎ ነዎታ።»

«ሌላ ማን አለ?»

«እሺ፣ ከዚያስ? ከሳብኩት በኋላ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል ለመሞት?»

«ወዲያው ነው። ዓይንሽን ሳትጨፍኚ።»

ራሷን ነቀነቀች፤ እጆቿን በሻሿ ጫፍ ጠርጋ ዘንቢሏን አነሳች። አንዳንዴም ትቀልድብኝ ነበር። «ጋሼ፣ መርከቧ ዛሬ በስንት ቀን ተነሳች? ባለፈው ሦስት ነበር ያሉኝ።» ሁለት ነው እላታለሁ። «ሁለት ይሁን። የሰማሁትን ሆዴ ይፈጨዋል፤ ለማንም አልናገርም።»

አሁን ወደ ልጆቹ ልምጣ። እኔ ጉዳዩን ያወቅሁት በመጨረሻ ነው፤ አንባቢ ግን ከአሁኑ ይወቀው።

አራት ነበሩ፤ ሁሉም አሥራ ስድስትና አሥራ ሰባት ዓመት። መሪዎቹ ነጅማና ኢድሪስ የሚባል ልጅ ናቸው። ኢድሪስ ወላጆቹ ሳይከብሩ በፊት ሆዳን ሠፈር መንገድ ላይ ኳስ እየተጫወተ ያደገ ነው፤ አማርኛውን ያስተማረችው ያሳደገችው ሞግዚት ናት። እነዚህ ልጆች ምን ጎደላቸው ብላችሁ ብትጠይቁኝ ያኔ ምንም እላችሁ ነበር። ሾፌር ትምህርት ቤት ያደርሳቸዋል፣ ሾፌር ይመልሳቸዋል። ከበሩ አንድ እግር ሲያወጡ የአባታቸው ስልክ ይጮኻል። ባሕሩን በየመስኮታቸው ያዩታል፤ ነክተውት ግን አያውቁም።

ነጅማ ኋላ እንደነገረችኝ፣ መተላለፊያውን ያገኙት ከመስኮት ነው። በባሕር በኩል ያለው ፍርግርግ በጨው ተበልቶ ወድቋል። እኔም አይቼዋለሁ፤ ዓሣ ቢገባ ምን ይጎዳል ብዬ ለበጋ አቆየሁት። ከምድር ቤቱ ጉድጓድ ገብተው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ስምንት ሜትር ያህል ከዋኙ፣ ካሜራ የሌለበት ጥቁር ድንጋይ ላይ ይወጣሉ። እዚያ ምን ያደርጉ ነበር? ምንም። ይቀመጣሉ። ጀልባዎቹን ያያሉ። ሐዋ ዓርብ ከካርቲየ ካትር ገዝታ የምታመጣላቸውን ሳምቡሳ በፕላስቲክ ጠቅልለው ወስደው ይበላሉ። በቃ፣ ለዚህ ነው ነፍሳቸውን የሚሰጡት።

ጊዜውንም በሚገባ መርጠውታል። ወላጆቻቸው የሚፈሩት ማታ ማታውን ነው፤ ማስጠንቀቂያውንም ለማታ እንዳደርገው ያዘዙኝ እነሱ ናቸው። ይህ ከተማ ግን የሚተኛው በቀትር ነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ጫቱ ሲደርስ ሱቁ ይዘጋል፣ አባቶች መብረዛቸው፣ ጫት መቃሚያ ክፍላቸው ውስጥ ይከተታሉ፣ እናቶች ጋደም ይላሉ፣ ዘበኛውም ጥላ ይፈልጋል። ሌባ እንኳ በዚያ ሙቀት አይሰርቅም እየተባለ ይሳቃል። ልጆቹ የሚወጡት ያኔ ነው።

ፓምፑስ? ፓምፑ እየሠራ መተላለፊያው ውስጥ የገባ ሰው ተመልሶ አይወጣም፤ ውሃው ስቦ ከፓምፑ አፍ ላይ ይለጥፈዋል። ልጆቹ ግን ፓምፑን ያቆሙት ነበር፤ በኢድሪስ ስልክ፣ በኔ የይለፍ ቁጥር። ቁጥሩ ጅቡቲ የገባሁበት ዓመት ነው። ጅቡቲ የገባሁበትን ዓመት ደግሞ ያልነገርኩት ሰው የለም። የውሃ ማጠራቀሚያው ቅዝቃዜ ስለሚይዝ ፓምፑ ግማሽ ሰዓት ቢቆም ላይ ቤት ማንም አያውቅም። ይህንንም የነገርኳቸው እኔ ነኝ።

ሐዋ አንድ ቀን በቀትር ልብስ ልታጥብ ወርዳ ያዘቻቸው። ኢድሪስ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ሆኖ እንዲህ አላት፦

«ለሐጂ ከነገርሽ እኛም ስላንቺ እንናገራለን።»

«ምን ብለህ?»

«እንፈጥራለና።»

ነጅማ በጥፊ ልትለው እጇን አነሳች። ሐዋ ያዘቻት። «ተዪው፤ ፈርቶ ነው» አለች። «እናንተ ዋና የት ተማራችሁ? ሆቴል? እኔ ሐይቅ ውስጥ ነው ያደግሁት። ውሃ አይቸኩልም፤ የሚወስደው የቸኮለውን ነው። አልናገርም። ግን ገመዱን እኔ ካልያዝኩ አንዳችሁም አትገቡም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ገመድ ያዘች። ልጆቹ ሰዓት የሚቆጥር፣ የልብ ምት የሚቆጥር መሣሪያ እጃቸው ላይ አለ። እሷ ሠላሳ ሦስት ፍሬ ያለው መቁጠሪያዋን ታወጣለች። አንዱ ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ ሲጠልቅ «ሱብሓነላህ» እያለች ፍሬ ትለቃለች፤ ፍሬው ሳያልቅ ገመዱ ከዚያኛው ጫፍ ሁለት ጊዜ መጎተት አለበት። ካልተጎተተ እሷ ትጎትታለች። ኢድሪስ ይስቅባት ነበር።

«ሐዋ፣ ያንቺ ሰዓት ባትሪው አያልቅም?»

«የኔ ሰዓት እስከ ዛሬ ዘግይቶብኝ አያውቅም። ግባ ይልቅ።»

ሁለት ወር እንዲህ ሆነ። አንድም ልጅ አልተጫረም። እኔ ከጎን ክፍል የማዘው ፓምፕ ከዓርብ በቀር በየቀኑ በቀትር ሲቆም ማየት የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው፤ እኔም በቀትር ቤቴ እሄዳለሁና ሲቆም አልደርስም፤ የቆመበትን ሰዓት መዝገቡ ላይ ነው ያየሁት፤ በማን ቁጥር እንደቆመ ግን አልተመለከትኩም። ሌላ ሰው ቢሆን ማነው የሚያቆመው ብሎ ይጠይቃል። እኔ ግን ማሽን ስለማውቅ ማሽኑ ነው አልኩ። አንድ ሳምንት ሙሉ ሽቦ ፈተሽኩ። ምንም ሳጣ አንድ ዘዴ ፈጠርኩ፦ ፓምፑ በማንም በምንም ምክንያት ቢቆም፣ ልክ በአሥር ደቂቃው ራሱ እንዲነሳ አደረግሁት። በጣም የሚያምር ሥራ ነበር። ለሥራ አስኪያጁ አሳየሁት፤ እጄን ጨበጠኝ። ለሐዋ ለመንገር ፈለግሁ፤ ዓርብ ስለነበር ወጥታለች። ቅዳሜ ጠዋትም ሥራ በዝቶብኝ ሳላገኛት ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ቅዳሜ በሰባት ሰዓት ልጆቹ ፓምፑን አቁመው ወረዱ። ሦስቱ አለፉ። መጨረሻ የምትሄደው ሁልጊዜ ነጅማ ናት፤ የሌሎቹን ገመድ የምታስር እሷ ስለሆነች። ነጅማ ጠለቀች። ሐዋ ፍሬ መልቀቅ ጀመረች።

አሥሩ ደቂቃ ሞላና ፓምፑ ተነሳ።

ገመዱ ከባሕሩ በተቃራኒ፣ ወደ ፓምፑ አፍ ተወጠረ። ሐዋ ስባ አየች፤ ውሃው ከእሷ በረታ። ያን ጊዜ ገመዱን በጥርሷ ነክሳ፣ አራት እርምጃ ሮጣ፣ ቀዩን እጀታ ሳበችው።

መንደሩ ዓይን ሳይጨፈን ሞተ። ነጅማን ጎትታ ስታወጣት ትከሻዋ ቆዳው ተገፎ ነበር፤ ትንፋሽ ግን ነበራት። ጀርባዋን እየመታች ውሃውን አስተፋቻት። ሦስቱ ልጆች በጸጥታው ተደናግጠው ተመልሰው ዋኝተው ገቡ። ሐዋ አራቱንም በማጠቢያ ክፍሉ በኩል ወደየቤታቸው ሰደደቻቸው፤ ከዚያ ወለሉን ወለወለች።

ላይ ቤት ግን ሌላ ቲያትር ነበር። ሐጂ ሙክታርና ሦስት እንግዶቻቸው ጫታቸውን እንዳቀፉ በመስታወቱ ሊፍት ውስጥ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል ተንጠልጥለዋል። ከውጭ የሚያያቸው ብዙ ነው። እነሱም የሚያዩአቸውን ያያሉ። እኔ ከካርቲየ ካትር በታክሲ እስክደርስ፣ በቁልፌ ከፍቼ እጀታውን እስክመልስ፣ ጫቱም ሰዎቹም ጠውልገዋል።

ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ ተሰበሰቡ። ባለቤቶቹ፣ እናቶች፣ ልጆች፣ ሠራተኞች። ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞረ።

«አቶ በለጠ፣ ትናንት ያሳየኸኝ አዲሱ ዘዴ ነው ያበላሸው?»

ያን ጊዜ መዝገቡን እንደገና አይቻለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ፓምፑ የቆመው በኔ ቁጥር ነው። ምን እንደሆነ ገና አልገባኝም፤ ቁጥሬ ከእጄ እንደወጣ ግን ገብቶኛል። ሰው ሁሉ ያየኛል። ያልኩትን ዛሬም እሰማዋለሁ፦

«ማሽኑ ምንም አልሆነም። ቀዩ እጀታ በሰው እጅ ነው የተሳበው።»

የማሽኔን ስም አዳንኩ።

«ማን ሳበው?» አሉ ሐጂ።

«እኔ ነኝ» አለች ሐዋ ከኋላ።

«አንቺ? ለምን?»

እግሯን አጠላልፋ ቆማ ነበር። «እጄን በላኝ» አለች።

አዳራሹ ሳቀ፤ ሐጂ ግን አልሳቁም። «ወላሂ እንደ ልጄ ነበር የማይሽ» አሉ። «ነገ ጠዋት ባቡር አለ።» ያን ጊዜ ነጅማን አየኋት። ሻርፗን ትከሻዋ ላይ አጥብቃ ይዛ አፏን ልትከፍት ስትል ሐዋ ራሷን በጣም በትንሹ ነቀነቀችባት። ልጅቷ አፏን መልሳ ዘጋች። ይህን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። አየሁና ዝም አልኩ።

በማግስቱ ወደ ባቡር ጣቢያ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ሻንጣዋ ትንሽ ነበር። መንገድ ላይ ሁሉንም ነገረችኝ፤ ለመክሰስ ሳይሆን፣ ዕቃ እንደምታስረክብ ሰው አንድ በአንድ፤ የማን ወገብ ላይ ገመዱ እንደሚላላ፣ ማን ትንፋሹ አጭር እንደሆነ።

«መጀመሪያውኑ ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት። ተቆጥቻለሁ፤ በማን እንደሆነ አላውቅም። «ሐጂ ቢያውቁ ኖሮ ያን ቀን ያበቃ ነበር።»

«አያበቃም ጋሼ። ብናገር ያኛው ቀዳዳ ይዘጋል፤ እነሱ ሌላ ይፈልጋሉ። ሲያገኙ ለኔ አይነግሩኝም። ያን ጊዜ ገመዱን ማን ይይዛል?»

«ትናንትስ? ነፍስ አድነሽ እንደ ሌባ ስትባረሪ?»

«ትናንትም ያው ነው። ቃሌን ከበላሁ ከእንግዲህ ለትልቅ ሰው አንድ ነገር አይነግሩም።» ጣቢያው ደጃፍ ስንደርስ መቁጠሪያዋን ከኪሷ አወጣች፤ መልሳ ከተተችው። «አሁን ግን እኔ የለሁም። ዛሬም ሰባት ሰዓት ይሆናል። ፍርግርግ ያስገቡበት ጋሼ። ዛሬውኑ፤ ለበጋ አይቆይ።»

ስለኔ ቁጥርና ስለ አሥሩ ደቂቃ አንድ ቃል አላነሳችም። ታውቅ ነበር። ልጅቷን ሊገድላት የነበረው የኔ ጉራና የኔ ብልሃት እንደሆነ ከእኔ ቀድማ ታውቃለች። «እሺ» አልኳት። እጄን ሳመችና ገባች።

ከጣቢያ በቀጥታ ወርክሾፕ ሄጄ ፍርግርጉን በገዛ እጄ በየድኩት። ከሰባት ሰዓት በፊት ሁለቱንም አፍ ዘጋሁ። እንደዚያ የጠነከረ ፍርግርግ በዚህ ወደብ የለም። ከዚያ እጄን ሳልታጠብ ወደ ሐጂ ሙክታር መብረዝ ገባሁ። ትራሱን ተደግፈው ጫታቸውን ጀምረዋል፤ የትናንቶቹ እንግዶችም አሉ።

«ና ተቀመጥ በለጠ። የዛሬው ጫት ጥሩ ነው» አሉኝ።

«ቆሜ ልናገር» አልኩ። ተናገርኩ። ቁጥሬን በየቦታው የዘራሁት እኔ እንደሆንኩ፤ ሰው መሆኑን ሳልጠይቅ ማሽን ነው ብዬ ፓምፑን ራሱ እንዲነሳ ያደረግሁት እኔ እንደሆንኩ፤ ሐዋ እጀታውን ባትስበው ኖሮ ትናንት ከዚህ ቤት አስከሬን ይወጣ እንደነበር። የልጅቷን ስም አልጠራሁም። በሕይወቴ ያለ መርከብ የተናገርኩት የመጀመሪያው ንግግር ይህ ነው።

ሐጂ ቅጠሏን በሁለት ጣታቸው እንደያዙ ቀሩ። «የማን አስከሬን?» አሉ።

መጋረጃው ተገለጠና ነጅማ ገባች፤ ከጀርባው ቆማ ስትሰማ ኖሯል። ሻርፗን ከትከሻዋ አወረደችው።

አባት የልጁን ቁስል ሲያይ የሚያሰማው ድምፅ ከየት እንደሚወጣ አላውቅም። እንግዶቹ ጫታቸውን ትተው በጸጥታ ወጡ። እኔም ወጣሁ።

ሐጂ ያንኑ ቀን ሐዋን አስፈለጓት፤ ባቡሩ ግን ድሬዳዋ ደርሶ ነበር። በስልክ ይቅርታ ጠየቋት፣ ተመለሺ አሏት። «አገሬ ገባሁ ሐጂ፤ አልቀየምኩም» አለቻቸው። እኔም ደወልኩላት። በልቤ ምስጋና ጠብቄ ነበር፤ ልደብቀው አልፈልግም።

«ነገርኳቸው» አልኳት። «ሁሉንም፤ የራሴን ሳይቀር። ፍርግርጉንም አስገባሁ፤ ዝሆን አይነቀንቀውም።»

«እሰይ፣ አላህ ይስጥዎት» አለችኝ። «እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያስ ምን?»

«ልጆቹ በየት ይወጣሉ?»

ሙሉ ሌሊት አሰብኩበት። እንዴት ይዘጋል ብዬ ነው ያሰብኩት፤ እንዴት ይከፈታል ብዬ አላሰብኩም። የመስታወት መንደሩን ሁሉ በር እኔ አውቀዋለሁ፤ አንዱም ግን የልጅ በር አልነበረም።

ስለዚህ አንድ በር ሠራሁ። ባሕሩን በሚያየው ግንብ ላይ፣ ከዚያ ጥቁር ድንጋይ አጠገብ። ባለቤቶቹ ካሜራ ይኑረው አሉ፤ አይሆንም አልኩ። ፊት ይወቅ አሉ፤ አይሆንም አልኩ። ሥራ አስኪያጁ ያባርረኛል ተባለ፤ «ፓምፑን ማን እንደሚያስነሳላችሁ አያለሁ» አልኩ። አራት ወር ተከራከርን። በመጨረሻ ሐጂ ሙክታር ከጎኔ ቆሙ፤ በቀትር አንድ ትልቅ ሰው ድንጋዩ ላይ ይቀመጥ፣ ሌላ ምንም አይኑር አሉ። መጀመሪያ የተቀመጡት እሳቸው ናቸው፤ ጫታቸውን ይዘው፣ በዣንጥላ ሥር፣ ላባቸው እየተንጠባጠበ። ኢድሪስ የሐዋን ገመድ አምጥቶ ከበሩ ጎን ሰቀለው። በሩ የእንጨት ነው። ቁጥር የለውም፤ መወርወሪያውን በእጅ ስቦ መክፈት ብቻ ነው። ከሠራሁት ሁሉ ቀላሉ እሱ ነው።

ሐዋ አልፎ አልፎ ትደውልልኝ ነበር። ሐይቁ ዳር ልጆች ሲዋኙ ልብሳቸውን እጠብቃለሁ አለችኝ አንዴ፣ እየሳቀች። መታመሟን አልነገረችኝም። ጠይቄያትም አላውቅም። ሁሌ የምታወራው የኔን ነበር።

መሞቷን የሰማሁ ቀን፣ ያን መሰላል ትቼ በቀጥታ ወደ በሩ ሄድኩ። ከመንደሩ ጡረታ ብወጣም ዘበኛው ያውቀኛልና አስገባኝ። ሰባት ሰዓት ነበር። ድንጋዩ ላይ አዲስ ልጆች ነበሩ፤ የማላውቃቸው። አንዷ ቦታ ለቀቀችልኝ።

«ቶንቶን፣ ይህን በር የሠራኸው አንተ ነህ አሉ።»

«እኔ ነኝ።»

«መርከብም ጠግነሃል አሉ፤ በሁለት ቀን።»

ባሕሩን አየሁ። ገመዱ በነፋሱ በሩን ቀስ ብሎ ይመታል።

«በአምስት ቀን» አልኳት። «አንድ የመናዊም ረድቶኛል።»

ልጆቹ ጎበዝ አሉኝ። ከዚያ ታሪኩ ያለቀ መስሏቸው ወደ ጀልባዎቹ ዞሩ። እኔም ትንሽ ጠበቅሁ፤ የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም።

«ከዚያማ» አልኩ ራሴው፣ «ሐዋ የምትባል ሴት መጣች።»